መርፌው የት ይቁም?



የተመደበልኝ ሰዓት አጭር ስለሆነ መግቢያ ሳላበዛ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዛሬ የማወራችሁ ከፀጉር ስለቀጠነ ሽቦ ነው። ሽቦው ብዙ ጊዜ ከተንግስተን ወይም ከፕላቲኒየም ይሠራል። ከጫፉ በስተቀር መላ አካሉ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ነገር የተለበጠ ነው። ኤሌክትሮድ ይባላል። አንጎል ውስጥ ገብቶ የነርቭ ሕዋሳት ሲሠሩ የሚያወጡትን እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ያዳምጣል፤ ሲፈለግ ደግሞ በተገላቢጦሽ ወደ ሕዋሳቱ ኤሌክትሪክ ይልካል። ጥያቄዬ አንድ ነው። ይህ ሽቦ የት ይቁም? የሚያቆመውስ ማን ነው፣ የሰው እጅ ወይስ ኮምፒዩተር?

ነገሩ ቀላል የሚመስለው መጠኑ እስኪነገር ድረስ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ወይም 80 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ማይክሮሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የብዙዎቹ የነርቭ ሕዋሳት አካል ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው። የአንዱን ሕዋስ ድምፅ ከጎረቤቶቹ ጫጫታ ለይቶ ለመስማት የኤሌክትሮዱ ጫፍ በጥቂት አሥርት ማይክሮሜትሮች ርቀት መቅረብ አለበት። በዚህ ላይ ሥራው የሚሠራው በጭፍን ነው። አንጎል ውስጥ መብራት የለም፣ ጫፉም ዐይን የለውም።

ብዙ ሰው "የሰው እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ኮምፒዩተር መጣ" ብሎ ያስባል። እኔ በዚህ አልስማማም። የማይንቀጠቀጥ ብረት ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ በፊትም ነበር። ኮምፒዩተሩ ያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደሆነ ከታሪኩ ጋር አብረን እናየዋለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

በ1908 ለንደን ውስጥ ቪክቶር ሆርስሊ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪምና ሮበርት ክላርክ የተባለ የሥራ ባልደረባው ብሬይን በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ መሣሪያ አስተዋወቁ። ፍላጎታቸው ሴሬቤለም የሚባለውን የኋለኛውን የአንጎል ክፍል ማጥናት ነበር። በውስጡ ወደተደበቁት ትንንሽ የሕዋስ ስብስቦች ለመድረስ ከላይ ያለውን ሁሉ መቅደድ አልፈለጉም። ስለዚህ የእንስሳውን ራስ አጥብቆ የሚይዝ የብረት ፍሬም ሠሩ። ሁለት ዘንጎች በግራና በቀኝ ጆሮ ቀዳዳ ይገባሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ከዐይን ጉድጓድ የታችኛው ጠርዝ ላይ ያርፋሉ። ራሱ ከተያዘ በኋላ አንጎል ውስጥ ያለ ማንኛውም ነጥብ በሦስት ቁጥሮች ይገለጻል፦ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ስንት ሚሊሜትር፣ ወደ ጎን ስንት፣ ወደ ታች ስንት። መርፌውን በሦስቱ ቁጥሮች ልክ ታስተካክላለህ፣ ታወርዳለህ፣ አለቀ።

ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ አልተሻረም። አይጠ መጎጥ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ1982 ጆርጅ ፓክሲኖስና ቻርለስ ዋትሰን ያሳተሙትን አትላስ ይገልጡና ሦስቱን ቁጥሮች ያነባሉ። መነሻ ነጥባቸውም የራስ ቅል አጥንቶች የሚገጣጠሙበት፣ ብሬግማ የሚሉት ቦታ ነው። እኛም ቦታውን በደንብ እናውቀዋለን። በሕፃንነቱ እርግብግቢት ሆኖ እናቶቻችን ቅቤ የሚያደርጉበት፣ ኋላ ገጥሞ አጥንት የሚሆነው ነው። የላቦራቶሪው ዜሮ ቁጥር የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ችግሩ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮ ነበር። አትላሱ የተሣለው ከሌላ እንስሳ ነው፤ ፊትህ ያለው እንስሳ ያ አይደለም። ዕድሜው፣ ክብደቱ፣ ፆታው፣ ዘሩ ይለያል። በሰው ላይማ ልዩነቱ የባሰ ነው፤ የራስ ቅላችን ቅርጽ ውስጥ ያለውን አንጎል አቀማመጥ በትክክል አይነግርም። የሆርስሊና የክላርክ ሐሳብ ወደ ሰው ለመሸጋገር ወደ 40 ዓመት የፈጀበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በ1947 ፊላደልፊያ ውስጥ ኧርነስት ስፒገልና ሄንሪ ዋይሲስ መላ አገኙ፤ ከራስ ቅሉ ይልቅ ከአንጎሉ ውስጥ ምልክት ፈለጉ። አንጎል ውስጥ ፈሳሽ የሚጠራቀምባቸው ክፍት ቦታዎች አሉ። በፈሳሹ ምትክ አየር ሲገባ በራጅ ይታያሉ፤ መለኪያው ከነዚህ ክፍት ቦታዎች ጠርዝ ይነሣል። ለታካሚው ግን ከባድ ራስ ምታት የሚያስከትል፣ የሚያሠቃይ ምርመራ ነበር።

ኮምፒዩተር እዚህ ታሪክ ውስጥ ቀደም ብሎ ብቅ ያለው በሞንትሪያል ነው። በ1973 ጊልስ በርትራንድና ባልደረቦቹ የታተመውን አትላስ ኮምፒዩተር ውስጥ አስገብተው ከእያንዳንዱ ታካሚ አንጎል ልክ ጋር እንዲለጠጥና እንዲሸበሸብ ማድረጋቸውን አስታወቁ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፣ ነገር ግን የሌላ ሰውን ሥዕል በልክ ማድረግ ነው እንጂ የራስህን አንጎል ማየት አይደለም። ማየት የተቻለው በሲቲ ስካን ነው። የጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ መሣሪያ በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያዋን ታካሚ አንጎል ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ አሳየ።

ሥዕሉ መጣ። አሁን አዲስ ጥያቄ ተነሣ፣ እባካችሁ እዚህ ላይ ጥቂት አብራችሁኝ ቆዩ፤ ከዛሬው ንግግሬ ሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ስክሪኑ ላይ ዕጢ ታያለህ። ዕጢው በሥዕሉ ላይ የት እንዳለ ታውቃለህ። ታካሚው ራስ ላይ በታሰረው የብረት ፍሬም ላይ ግን ያ ቦታ ስንት ቁጥር ነው? ሥዕሉ ከየትኛው ከፍታ እንደተነሣ፣ ምን ያህል እንዳዘመመ በምን ታውቃለህ? የስካነሩ አልጋ የሚያሳየው ቁጥር ላይ መተማመን አይቻልም፤ ታካሚው ትንሽ ቢያዘነብል ሁሉም ይዛባል።

በ1978 ዩታ ዩኒቨርሲቲ ራስል ብራውን የተባለ የሕክምና ተማሪ መልሱን አገኘው። ልብ በሉ፣ ገና ተማሪ ነው። ፍሬሙ ዙሪያ ሦስት ቦታ ላይ ዘንጎችን ተከለ። በእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች አሉ፤ ሦስተኛው ዘንግ ከአንደኛው እግር ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው ራስ በሰያፍ ይወጣል። አሁን ይህን በአግድም ቁረጡት። እያንዳንዱ ዘንግ ሥዕሉ ላይ አንድ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ሦስት ነጥቦች በአንድ ረድፍ ማለት ነው። ከታች ከቆረጣችሁ መሃለኛው ነጥብ ወደ አንደኛው ዘንግ ይጠጋል፤ ከላይ ከቆረጣችሁ ወደ ሁለተኛው ይጠጋል፤ መሃል ላይ ከቆረጣችሁ መሃል ላይ ይሆናል። በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት ሲካፈል ከፍታውን ቁልጭ አድርጎ ይናገራል። ሦስቱም ቦታ ሲደመር ዘጠኝ ነጥቦች ይገኛሉ፤ ከዘጠኙ ነጥቦች ሦስት ከፍታዎች፣ ከሦስቱ ከፍታዎች የሥዕሉ ጠፍጣፋ ገጽ ከነዝንባሌው። ከዚያ ወዲያ ኮምፒዩተሩ ሥዕሉ ላይ የጠቆምከውን ማንኛውንም ነጥብ ወደ ፍሬሙ ሦስት ቁጥሮች ይቀይርልሃል።

ሒሳቡ ክፍልፋይና የሁለተኛ ደረጃ ጂኦሜትሪ ነው። ሥዕሉ ራሱ የተነሣበትን ቦታ ይዞ እንዲመጣ ማድረግ ግን ለብዙ ሊቃውንት ያልታያቸው ነገር ነበር። ተማሪው፣ የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ቴዎዶር ሮበርትስና የብረት ሥራ ባለሙያው ትሬንት ዌልስ አብረው የሠሩት ፍሬም እስከ ዛሬ በሦስቱ ስም ይጠራል። የብረት ሥራ ባለሙያው ስም ከሐኪሙ እኩል መጻፉን እኔ በበኩሌ ወድጄዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነውና።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። ቁጥሮቹ በኮምፒዩተር ከተገኙ፣ መያዣውንም ኮምፒዩተር ቢያንቀሳቅሰውስ? በ1985 ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ውስጥ ፑማ 560 የተባለ፣ ለፋብሪካ ሥራ የተፈጠረ የሮቦት ክንድ በሲቲ ስካን ቁጥሮች እየተመራ ለአንጎል ናሙና መውሰጃ መርፌ አቅጣጫ ያዘ። ክንዱ ቦታውን ይዞ ቀጥ አለ፤ መርፌውን ያስገባው የሐኪም እጅ ነው። ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ታሪክ የመጀመሪያው ሮቦት ተብሎ ይጠቀሳል። ከዚያ ወዲህ የሮቦት ክንዶች በዝተዋል። በተለይ መድኃኒት ያልበገረው የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች መነሻውን ለማግኘት አሥራ ምናምን ኤሌክትሮድ በአንድ ቀን ሲገባላቸው የሮቦቱ ጥቅም ይታያል። እያንዳንዱን አቅጣጫ በእጅ ማስተካከል ጊዜ ይፈጃል፤ ከቁጥሮቹ አንዱን ተሳስቶ ማንበብም ያለ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ኮምፒዩተር ካርታን ከቦታ ጋር ማገናኘቱን ነው። ከዚህ በላይ የሚከብደው ሌላ ነው። አንጎል ካርታው በተሣለበት ቦታ ቁጭ ብሎ አይጠብቅህም። የራስ ቅል ሲበሳ ፈሳሽ ይፈሳል፣ አየር ይገባል፣ አንጎሉ በሚሊሜትሮች ዝቅ ይላል። ጠዋት የተነሣው ሥዕል ከሰዓት በኋላ ያረጃል። ኤሌክትሮዱ ራሱም ከላይ ሲጫን ሽፋኑ እስኪበሳ ድረስ አንጎሉን ወደ ታች ይገፋዋል። ያኔ መሣሪያው "ይህን ያህል ወርጃለሁ" ይላል፣ እውነት ነው ወርዷል፤ ሕዋሱም አብሮት ወርዷል። በዚያ ላይ በእያንዳንዱ የልብ ምትና ትንፋሽ አንጎል ከፍ ዝቅ ይላል።

ኤሌክትሮዱን የሚያወርደውን ሞተር ደግሞ እንይ። በላቦራቶሪ የተለመደ አንድ ሞተር ሙሉ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ይራመዳል። በአንድ ዙር ግማሽ ሚሊሜትር ከሚጓዝ ብሎን ጋር ብታገናኙት አንዱ እርምጃ 2.5 ማይክሮሜትር ይሆናል። ከሕዋስ በጣም ያነሰ ነው፤ ዋጋውም የሚቀመስ ነው። መልሳችሁ ወደ ላይ ስትጠሩት ግን በብሎኑና በዳዶው መሃል ያለው ክፍተት እስኪሞላ ሞተሩ እየዞረ ጫፉ አይንቀሳቀስም። ይህን ክፍተት ፕሮግራሙ ማሰብ አለበት። የመሣሪያ ሻጮች ብሮሹር ላይ በትልቁ የሚጻፈው የእርምጃው ማነስ ነው። እኔ ብሮሹር ሳነብ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ጫፉ ያለበትን ቦታ በምን ያረጋግጣል? የእርምጃ ማነስና የቦታ ትክክለኛነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በጥቃቅን እርምጃ እየተራመዱ የተሳሳተ ቦታ መድረስ ይቻላል።

ስህተቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አንድ የታወቀ ጉዳይ ልንገራችሁ። በ1987 ፈረንሳይ፣ ግረኖብል ውስጥ አሊም ሉዊ ቤናቢድና ባልደረቦቹ ታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ኤሌክትሮድ ትተው በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ ሲያነቃቁ የእጅ መንቀጥቀጥ እንደሚቆም አሳዩ። ቀጥሎ ለፓርኪንሰን ሕመምተኞች ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ የምትባል፣ ርዝመቷ ከአንድ ሴንቲሜትር እምብዛም የማይበልጥ የሕዋሳት ስብስብ ዒላማ ሆነች። በ1999 ደግሞ ከፓሪስ የወጣ አንድ ጽሑፍ የሕክምናውን ዓለም አስደነገጠ። የ65 ዓመት ሴት ናቸው፤ ለብዙ ዓመታት በፓርኪንሰን የተሠቃዩ፣ የመንፈስ ጭንቀት ሕመም ግን ኖሮባቸው የማያውቅ። ኤሌክትሮዱ ላይ ያሉት መነካኪያዎች ተራ በተራ ሲፈተኑ አንዱ ሲበራ በሴኮንዶች ውስጥ ፊታቸው በሐዘን ተዋጠ፣ አለቀሱ፣ መኖር እንደማይፈልጉና ሁሉ ነገር እንደሰለቻቸው ተናገሩ። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ 90 ሴኮንድ ሳይሞላ ሐዘኑ ጠፋ። ያ መነካኪያ ያረፈው ሰብስታንሺያ ናይግራ በሚባለው ጎረቤት ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሕመማቸውን ከሚያስታግሰው ቦታ የሚርቀው ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ሁለት ሚሊሜትር! አንጎል ደግሞ በቀዶ ሕክምናው ወቅት ከዚያ በላይ ሊንሸራተት እንደሚችል አሁን ነግሬያችኋለሁ። እንግዲህ ካርታው ብቻውን አያስተማምንም ማለት ነው። ሐኪሞቹ ምን ያደርጋሉ? ያዳምጣሉ።

ክፍሉ ውስጥ አብረን እንግባ። ታካሚው ብዙ ጊዜ ንቁ ነው። የራስ ቆዳው በማደንዘዣ ደንዝዟል፤ አንጎሉ ራሱ ሕመም አይሰማውም። ኮምፒዩተር የሚነዳው ትንሽ ሞተር ኤሌክትሮዱን ከዒላማው አንድ ሴንቲሜትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ሲቀረው ጀምሮ በክፍልፋይ ሚሊሜትር ያወርደዋል። ጫፉ የሚሰማው ሁሉ ጎልቶ በድምፅ ማጉያ ይወጣል። መጀመሪያ አልፎ አልፎ የሚሰማ ጠቅ ጠቅ አለ። ቀጥሎ ሽቦው ሕዋስ የሌለበት ነጭ ክፍል ውስጥ ሲገባ ዝም ይላል። ከዚያ በድንገት ዝናብ ቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደወረደ ያለ ድምፅ ክፍሉን ይሞላዋል። ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ ተገኘች። ሐኪሙ የታካሚውን አንጓ ይዞ ወዲያ ወዲህ ሲያጥፈው ከእንቅስቃሴው ጋር ድምፃቸው ከፍ የሚል ሕዋሳት ይሰማሉ፤ የእንቅስቃሴው ክፍል ውስጥ መሆኑ በዚህ ይታወቃል። ትንሽ ወረድ ሲል ድምፁ እንደገና ይለወጣል፤ ጎረቤቷ ውስጥ ተገብቷል ማለት ነው። የፓሪሷን ሴት አስታውሱ።

ይህን ድምፅ ለይቶ ማወቅ ለዓመታት የጥቂት ባለሙያዎች ጆሮ ሥራ ነበር። ኢየሩሳሌም በሚገኘው የሂብሩ ዩኒቨርሲቲ የሃጋይ በርግማን ቡድን ይህን ጆሮ ለኮምፒዩተር አስተማረው። የምልክቱን ጉልበትና የሞገዱን ዓይነት እያሰላ፣ ከዚህ በፊት የት እንደነበረ እያገናዘበ፣ "አሁን ገባህ፣ አሁን ከላይኛው ክፍል ወጣህ፣ አሁን ድንበሩ ደረሰ" የሚል ፕሮግራም ሠሩ። በ2017 ካወጧቸው ጽሑፎች የአንዱን ርዕስ "ቁም! ድንበር ከፊትህ ነው" በሚል ትእዛዝ መጀመራቸው ደስ ይለኛል፤ ለሳይንስ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ርዕስ ብርቅ ነው። ይህን የመሰለ የማዳመጫ መሣሪያ ከሚሠሩት አንዱ አልፋ ኦሜጋ ነው፤ እስራኤል፣ ናዝሬት ውስጥ በ1993 የተቋቋመ ድርጅት። 

እዚህ ላይ ያልተዘጋ ክርክር አለ፣ ልሸሽገው አልፈልግም። አንዳንድ ሐኪሞች ይህ ሁሉ ማዳመጥ አያስፈልግም ይላሉ። ኤሌክትሮድ በገባ ቁጥር ደም ሥር የመንካትና የደም መፍሰስ አደጋ አለ፤ ታካሚውም ነቅቶ ለሰዓታት መቆየቱ ያደክመዋል። ስለዚህ በካሊፎርኒያው ሳን ፍራንሲስኮ እንደተጀመረው ታካሚውን አስተኝተው፣ ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስገብተው፣ መርፌው ሲወርድ በዚያው ሰዓት በሥዕል ይከታተሉታል። የትኛው ይሻላል? ለኔ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ በጆሮ ሌላው በዐይን፣ ሁለቱም እየወረዱ ይጠይቃሉ። የምፈራው የጠዋቱን ካርታ አምኖ ሳይጠይቅ የሚወርደውን ነው።

ከሆስፒታል ወደ ላቦራቶሪ ስንመለስ የነገሩ እምብርት ይበልጥ ይገለጣል። ኤርዊን ኔኸርና በርት ሳክማን በ1991 ኖቤል የተሸለሙበት አንድ ዘዴ አለ፤ ጫፉ አንድ ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ የመስታወት ቱቦ ከአንድ ሕዋስ ገላ ጋር አጣብቆ ውስጡን ማዳመጥ ነው። በሕይወት ባለ እንስሳ አንጎል ውስጥ ይህን በጭፍን ማድረግ እጅግ አድካሚ ነበር። ወጣት ተመራማሪዎች ለመልመድ ወራት ይፈጅባቸዋል፤ አንዳንዱም ሳይሆንለት ይቀራል። "የእጅ ጸጋ ይፈልጋል" ይባል ነበር። በ2012 ከጆርጂያ ቴክ ሱሃሳ ኮዳንዳራማያና ክሬግ ፎረስት፣ ከኤምአይቲ ደግሞ ኤድ ቦይደን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህን ሥራ ብቻውን የሚሠራ ሮቦት አሳዩ።

አሠራሩን ስሙት። ቱቦው ጫፉ እንዳይደፈን ውስጡ ያለው ፈሳሽ በአየር ግፊት ወደ ውጭ እየተገፋ ይወርዳል። በየሁለት ማይክሮሜትሩ ቆም ይላል፤ ኮምፒዩተሩ ትንሽ የኤሌክትሪክ ግፊት ይልክና ምን ያህል መቋቋም እንዳለ ይለካል። ጫፉ ፊት ምንም ከሌለ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል። ሕዋስ ሲቃረብ ቀዳዳው መከለል ስለሚጀምር መቋቋሙ ይጨምራል። አንድ ጊዜ ቢጨምር ኮምፒዩተሩ አያምንም፤ በተከታታይ እርምጃዎች እየጨመረ ከሄደ ግን ይቆማል። የአየሩን ግፊት ይለቃል፣ በቀስታ ወደ ውስጥ ይስባል፤ የሕዋሱ ገላ ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል። ሙሉው ሥራ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ከሦስት ሙከራ አንዱ ገደማ ተሳካ፤ ይህም ከሠለጠነ ሰው እጅ የማያንስ ውጤት ነበር።

በዚህ ውስጥ ሰው ሠራሽ ልህቀት የሚሉት የለም። ጥቂት "እንዲህ ከሆነ እንዲያ አድርግ" የሚሉ ደንቦች ናቸው፤ የአንደኛ ዓመት የኮምፒዩተር ተማሪ ሊጽፋቸው ይችላል። የእጅ ጸጋ የተባለው ነገር ለካስ የእጅ አልነበረም። ልምድ ያለው ተመራማሪ ሳያውቀው ያደርግ የነበረው ቁጥሩን እየተከታተለ የሚቆምበትን ቅጽበት መለየት ነበር። ኮምፒዩተር ያመጣው ነገር ያልኳችሁም ይኸው ነው፦ በእያንዳንዱ እርምጃ መጠየቅ፣ መልሱንም ሰምቶ መቆም፤ ያውም ሳይሰለች።

ከቆመ በኋላም ሥራው አያልቅም። ሕብረ ሕዋሱ የተገፋበትን ቀስ እያለ ይመልሳል፤ ጠዋት በደንብ የተሰማው ሕዋስ ከሰዓት ይጠፋል። በካሊፎርኒያው ካልቴክ የጆኤል በርዲክና የሪቻርድ አንደርሰን ቡድን በ2005 ለዚህ መልስ አቀረበ። ኤሌክትሮዶቹን ትንንሽ ሞተሮች ይይዟቸዋል፤ ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ምልክት ጥራት እየመዘነ ሕዋሱ ሲርቅ ይከተለዋል፣ ከመጠን በላይ ሲቀርብ ይሸሸዋል። ሰው ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ይህን ማድረግ አይችልም።

ሰው አንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ ስለሚተክለው ድርጅት፣ ስለ ኒውራሊንክ ሳልናገር ብወርድ ከጥያቄው አታሳልፉኝም። በ2019 ያሳዩት ሮቦት ኤሌክትሮድ የተሸከሙ ክሮችን በደቂቃ ስድስት እየሰፋ፣ የላይኞቹን ደም ሥሮች በካሜራ እያየ ይሸሻል። ድንቅ ማሽን ነው፣ አልክድም። በ2024 የመጀመሪያው ሰው ከተተከለለት በኋላ ግን ከክሮቹ የተወሰኑት ከአንጎሉ ወጥተው እንደተመለሱ ድርጅቱ ራሱ አስታወቀ። የጠፋውን አቅም የተካው ሌላ መርፌ አይደለም፤ ምልክቱን የሚያነበው ፕሮግራም መሻሻሉ ነው። መስፋቱ ትክክል ነበር፤ አንጎሉ ተንቀሳቀሰ።

ትክክል አነጣጥረናል ብሎ ማመንና መፈተሽም ይለያያሉ። ኢንተርናሽናል ብሬይን ላቦራቶሪ የተባለ የብዙ ላቦራቶሪዎች ኅብረት ተመራማሪዎቹ በአንድ ዓይነት መሣሪያና በአንድ ዓይነት መመሪያ አይጦች አንጎል ውስጥ አንድ ቦታ ላይ እንዲያነጣጥሩ አደረገ። ዘንጎቹ ኒውሮፒክስልስ ይባላሉ፤ ሰባ ማይክሮሜትር ስፋት ባለው ዘንግ ላይ 960 ማዳመጫ ነጥቦች አሏቸው። ሥራው ካለቀ በኋላ አንጎሉ ተመርምሮ የዘንጎቹ ዱካ ሲፈለግ ከታቀደው ቦታ በመቶዎች በሚቆጠሩ ማይክሮሜትሮች የሚዛነፉ ተገኙ። ይህን ደብቀው ቢያልፉት ማን ያውቅባቸው ነበር? አሳተሙት። እያንዳንዱ ዘንግ የደረሰበት ትክክለኛ ቦታ ከ1,675 አይጦች አማካይ ሥዕል ከተሠራው የአለን ኢንስቲትዩት አትላስ ላይ ተመዝግቦ፣ ከተቀዳው ድምፅ ጋር በነፃ ተለቀቀ።

እዚህ አዳራሽ ያላችሁ የኮምፒዩተርና የምህንድስና ተማሪዎች፣ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። ሮቦቱን ለመግዛት ገንዘብ የለንም፣ ላቦራቶሪውም ገና ነው። አትላሱ ግን በነፃ ይወርዳል። የኢንተርናሽናል ብሬይን ላቦራቶሪ ቅጂዎች በነፃ ይወርዳሉ። ፒንፖይንት የሚባለው፣ የኤሌክትሮዱን መንገድ ስክሪን ላይ ለማቀድ የሚያገለግለው ፕሮግራምም እንዲሁ። ድንበሩን ከድምፁ ለይቶ "ቁም" የሚል ፕሮግራም ለመጻፍ አንድ ላፕቶፕና የሚንተፋተፍም ቢሆን ኢንተርኔት ይበቃል። ከመምህሮቻችሁ አንዱን ይዛችሁ፣ ከሕክምና ፋኩልቲ አንድ ሐኪም ጨምራችሁ በዚህ ሴሚስተር ጀምሩት፤ የደረሳችሁበትንም መጥታችሁ ከዚህ መድረክ ንገሩን።